«ኖቶሪየስ» ታዋቂ አይደለም፦ የእንግሊዝኛ ቃላት ጥናቴ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፣ የመስከረም መጨረሻ

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ላመለክትባቸው ካሰብኳቸው የትምህርት ክፍሎች ሁለቱ የጂአርኢ (ለድኅረ ምረቃ ትምህርት መግቢያ የሚሰጥ ፈተና) ውጤት ስለሚጠይቁ፣ በዚህ ሳምንት አንድ የመለማመጃ ፈተና ሰዓት ይዤ ሠራሁ። ፈተናው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ካጠረ ወዲህ የቋንቋው ክፍል 27 ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ 12ቱ በ18 ደቂቃ፣ 15ቱ በ23 ደቂቃ የሚሠሩ ናቸው። ያገኘሁት 11 ነው። የሙያዬን ጽሑፎች ያለ መዝገበ ቃላት ስለማነብ እንግሊዝኛዬ ይበቃኛል ብዬ አምን ነበር፤ የሳትኳቸውን 16 ጥያቄዎች አንድ በአንድ ስመረምር ግን 12ቱን የሳትኩት የምርጫዎቹን ቃላት ባለማወቄ ሆኖ ተገኘ።

ዕቅድ፦ በ16 ሳምንት 1,000 ቃላት። መሣሪያ፦ ባለ 200 ገጽ ደብተር (130 ብር)፣ ሁለት እስክርቢቶ (50 ብር)፣ ከጓደኛዬ ተውሼ ፎቶ ኮፒ ያስነሣሁት የቃላት ዝርዝር (38 ገጽ፣ በ4 ብር ሒሳብ 152 ብር)። የደብተሩን ገጽ መሐል ለመሐል አስምሬ በግራ እንግሊዝኛውን በፊደላችን ከነአጻጻፉ፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ፍቺ እጽፋለሁ። በቀን 30 ቃል።

2ኛ ሳምንት

ከመሠረቱ ያመለጠኝ ነገር እንዳይኖር በማለት፣ አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችውን የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር በሁለት ምሽት ፈተሽኩ። ዝርዝሩ 3.5 ሚሊዮን ቃላት ካለው የአካዳሚክ ጽሑፍ ክምችት የተለቀሙ 570 የቃል ቤተሰቦችን (አንድን ቃል ከነርቢዎቹ) ይዟል፤ በአሥር ክፍል የተከፈለ ሲሆን፣ ከመጨረሻው በስተቀር እያንዳንዱ ክፍል 60 ቤተሰቦች አሉት። የማላውቃቸው 23 ብቻ ሆኑ። ከእነዚህ መካከል በመጨረሻው ክፍል ያሉት «ኦልቢኢት» እና «ኖትዊዝስታንዲንግ» ይገኙባቸዋል። ሁለቱም «ምንም እንኳ» እና «ቢሆንም» የሚባለውን ሥራ የሚሠሩ ትናንሽ ቃላት ናቸው። በባዶ ቦታ ሙላ ጥያቄ ላይ ዐረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚታጠፍ የሚያመለክቱት እነሱ ስለሆኑ፣ ሁለቱ ምሽቶች ባክነዋል አልልም።

3ኛ ሳምንት፣ ጥቅምት

ደብተሩ ውስጥ 420 ቃላት ገብተዋል። ታናሽ ወንድሜ እንዲጠይቀኝ ደብተሩን ሰጠሁት፤ በመጀመሪያ እንግሊዝኛውን እየጠራ ፍቺውን ጠየቀኝ፣ ከ50 ቃላት 38 መለስኩ። ቀጥሎ አገላብጦ ከአማርኛው ጀመረና «ማቃለል» አለኝ። «የትኛው ማቃለል?» አልኩት። ደብተሩን ሲያገላብጥ አምስት ቦታ አገኘው፤ አሊቪዬት፣ ሚቲጌት፣ አስዌጅ፣ አሚሊዮሬት፣ ፓሊዬት፣ ሁሉም ፊት ለፊት «ማቃለል» ተጽፎባቸዋል። ይህም አልበቃ ብሎ «ዲስፓሬጅ» በሚለው ቃል ፊት ለፊት «ማቃለል፣ ማናናቅ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ በአማርኛ ሸክም ማቃለልም ሰው ማቃለልም አንድ ግሥ ስለሆነ፣ መድኃኒቱና ስድቡ በአንድ ስም ተመዝግበው ተገኙ።

ስህተቱ የእኔ እንጂ የአማርኛ አይደለም፤ ቃሉን ያለ ባለቤቱና ያለ ተሳቢው ብቻውን ስለጻፍኩት ነው። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አምስቱን ለየሁ። አሊቪዬት የሚነገረው ለሕመም፣ ለድህነት፣ ለመጨናነቅ ነው፤ ችግሩ አለ፣ ጫናው ግን ይቀንሳል። ሚቲጌት ከአደጋና ከጉዳት ጋር ይሄዳል፤ ገና የሚመጣውንም ጉዳት አስቀድሞ መቀነስ ይሆናል። አስዌጅ ለስሜት ነው፤ ጸጸትን፣ ፍርሃትን፣ ረኃብን ያስታግሣል። አሚሊዮሬት የኑሮን ወይም የሥራን ሁኔታ ማሻሻል ነው። ፓሊዬት ደግሞ ምልክቱን አስታግሦ ሥረ መሠረቱን ሳይነካ መተው ነው፤ ይህን በሥራዬ «ፓሊያቲቭ» ከሚለው ቃል አውቀው ነበር፣ ነገር ግን ደብተሬ ላይ ስጽፈው እንደ ባዕድ ቆጠርኩት። በየቀኑ የማዘጋጀው መድኃኒት ስም ውስጥ ያለውን ቃል ከዝርዝር ላይ እንደ አዲስ መሸምደዴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

4ኛ ሳምንት

የከበደው ስህተት በዚህ ሳምንት መጣ። የማመልከቻ ደብዳቤዬን ረቂቅ ጽፌ፣ አብሬው ልሠራ የምፈልገውን ፕሮፌሰር ሳሞግስ «ኖቶሪየስ» አልኩት። በደብተሬ ላይ ፍቺው «ታዋቂ፣ ስመ ጥር» ነው የሚለው። ረቂቁን ለአንድ አንጋፋ የመድኃኒት ክፍላችን ባልደረባ እንዲያዩልኝ ሰጠኋቸው፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ሰውየው ምን በደለሽ?» አሉኝ። «ምነው ጋሼ?» ስላቸው፣ ቃሉ በመጥፎ ሥራ ስሙ ለገነነ ሰው እንደሚነገር፣ ወንበዴና አጭበርባሪ ኖቶሪየስ እንደሚባል አስረዱኝ። በአማርኛ ብናገረው «ስሙ የጎደፈው ፕሮፌሰር» ብዬ ጽፌ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በደብተሩ ላይ ሦስተኛ ዓምድ ከፈትኩ፤ ቃሉ ውዳሴ ነው፣ ነቀፋ ነው፣ ወይስ ገለልተኛ የሚለውን በመደመር፣ በመቀነስና በዜሮ ምልክት አደርጋለሁ። «ገንዘብ ማውጣት የማይወድ» ብዬ ከጻፍኳቸው መካከል «ፍሩጋል» ቁጠባ ስለሆነ መደመር፣ «ፓርሲሞኒየስ» ወደ ስስት ስለሚያደላ መቀነስ፣ «ማይዘርሊ» በግልጽ መቀነስ ሆኑ። በእኛም ቆጣቢና ቋጣሪ የተለያዩ ናቸው፤ ቃላቱን ለመለየት የረዳኝ መዝገበ ቃላት ሳይሆን ይህ የአማርኛ ጥንድ ነው።

5ኛ ሳምንት፣ የጫማ ካርቶኑ

ደብተሩን ተውኩት። ደብተር ሁሉንም ቃል እኩል ያስደግማል፤ የማውቀውን ስደጋግም የማላውቀው ይጠብቃል። በምትኩ ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተዋወቀውን የሣጥን ዘዴ ሞከርኩ። የጫማ ካርቶን በወፍራም ወረቀት አምስት ቦታ ከፈልኩ። ፍቺውን የመለስኩት የቃል ካርድ ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል፣ የሳትኩት ከየትም ቢሆን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያውን ክፍል በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየሁለት ቀኑ፣ ሦስተኛውን በየአራት ቀኑ፣ አራተኛውን በየሳምንቱ፣ አምስተኛውን በየሁለት ሳምንቱ እከልሳለሁ። የሐሳቡ መነሻ ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ጥናት ነው፤ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እየሸመደደ፣ የተማረው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት፣ ከዚያ ቀስ እያለ እንደሚጠፋ ለክቶ ነበር።

ወጪ፦ ወፍራም ወረቀት 90 ብር፣ መቁረጫ ከቤት። 300 ካርድ ለመቁረጥና ለመጻፍ አራት ምሽት ፈጀብኝ። ሣጥኑ ይሠራል፤ ችግሩ በታክሲ ሰልፍ ላይ ይዤው መቆም አለመቻሌ ነው፤ ለጥናት ያለኝ ጊዜ ደግሞ አብዛኛው ሰልፍ ላይ የሚያልፈው ነው።

6ኛ እና 7ኛ ሳምንት፣ ኅዳር

አንኪ ወደሚባለው ፕሮግራም ተዛወርኩ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ያለ ሲሆን ስሙ በጃፓንኛ መሸምደድ ማለት ነው፤ በአንድሮይድ ስልክ የሚሠራው አንኪድሮይድ በነጻ ይወርዳል። ሥራው የጫማ ካርቶኔ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ የእያንዳንዱን ካርድ መመለሻ ቀን ለብቻው አስልቶ ማውጣቱ ነው። ፕሮግራሙ ሲጫን በቀን 20 አዲስ ካርድ እንዲሰጥ ተደርጎ ነው የሚመጣው። እኔ ችኩል ስለሆንኩ 40 አደረግሁት። በሁለተኛው ሳምንት የቀን ክለሳዬ ከ200 አለፈ፤ ያልተከለሰው ተጠራቅሞ አንድ እሑድ 512 ካርድ ቆይቶኝ አገኘሁት። አዲስ ካርድ ለስድስት ቀን ሙሉ ዘግቼ ውዝፉን ከጨረስኩ በኋላ በቀን 10 ላይ አቆምኩት። በዚህ ስሌት 1,000 ቃል በ16 ሳምንት እንደማይደርስ ግልጽ ስለሆነ ዕቅዱን ወደ 650 ዝቅ አድርጌያለሁ።

ሌላ የአጠቃቀም ስህተትም ሠርቻለሁ። ካርዱ ሲገለጥ አራት ቁልፎች ይቀርባሉ፤ አጌን፣ ሃርድ፣ ጉድ፣ ኢዚ። ቃሉ ሲጠፋብኝ «ከባድ ነው» በሚል ሃርድን እጫን ነበር። ሃርድ ግን «አስታውሼዋለሁ፣ አስቸግሮኛል እንጂ» ማለት ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ያልመለስኩትን ካርድ እንደ መለስኩት ቆጥሮ ወደ ሩቅ ቀን ሲገፋልኝ ከረመ። ለጠፋ ቃል ትክክለኛው ቁልፍ አጌን ብቻ ነው። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ በሃርድ ያለፉትን ካርዶች ለይቼ እንደ አዲስ አስጀመርኳቸው።

የካርዱንም ይዘት ቀየርኩ። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የዎልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን ለብቻው ከመፍታት ይልቅ በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ ያንኑ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ያቀርባል፤ አቀራረቡን ወሰድኩ። በካርዱ ፊት ባዶ ቦታ ያለው የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር፣ በጀርባው ቃሉ፣ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክቱ፣ አብረውት የሚመላለሱ ሁለት ቃላት፣ በመጨረሻም ሙሉ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር። አንድ ካርድ ለመሥራት 20 ሴኮንድ ይፈጅብኝ የነበረው አሁን አራት ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

8ኛ ሳምንት

ስልኬ አልበራ ብሎ ወደ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ሲጭንበት ውስጡ ያለው ሁሉ ጠፋ። የጥገና 900 ብር። ካርዶቼን በነጻ ከሚያስቀምጠው የአንኪ ድረ ገጽ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ያመሳሰልኩት ከ11 ቀን በፊት ስለነበረ 90 የሚሆኑ ካርዶች አብረው ሄዱ። ከአሁን በኋላ ማታ ማታ ስልኩን ቻርጅ ላይ ከማድረጌ በፊት አመሳስላለሁ። የጠፉትን ካርዶች ለሁለተኛ ጊዜ ስጽፍ ግማሾቹን ከእጄ ጋር እያስታወስኩ እንደምጽፋቸው ታዘብኩ፤ ጠጋኙን ግን ለዚህ አላመሰግነውም።

9ኛ ሳምንት፣ ታኅሣሥ

አንኪ ስምንት ጊዜ የተረሳን ካርድ «ሊች» ብሎ ምልክት ያደርግበታል፣ እንደ አቀማመጡም ከክለሳ ያግደዋል፤ ቃሉ አልቅት ማለት ነው፣ ጊዜን እየመጠጠ ስለሚኖር። 37 አልቅቶች አሉኝ። ደጋግሜ በማየት እንደማይያዙ ስለተረጋገጠ ለእነሱ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረብኝ፤ የቃል ሥር ለመሞከር ወሰንኩ።

ከመደርደሪያዬ ጀመርኩ። ሕመም ማስታገሻን «አናልጄሲክ» እንላለን፤ «አን» ማጣትን፣ የተቀረው በግሪክ «አልጎስ» የተባለውን ሕመም ያመለክታል። ይኸው «አልጎስ» በ«ኖስታልጂያ» ውስጥ አለ፤ «ኖስቶስ» ወደ ቤት መመለስ ስለሆነ፣ ቃሉ የመመለስ ሕመም፣ ማለትም የናፍቆት ሕመም ይሆናል። «ፕላሴቦ» በላቲን «ደስ አሰኛለሁ» ማለት ነው፤ ከዚያው ሥር «ፕላኬት» የተቆጣን ሰው ማባበል፣ «ኢምፕላከብል» በምንም የማይባበል ይወጣሉ። ለሦስት ሳምንት የመጠጠኝ «ኢምፕላከብል» ከፕላሴቦ ጋር ከታሰረ በኋላ አንድ ጊዜም አልጠፋብኝም።

ከዚያ የበለጠው የመጣው ከቅዳሴ ነው። እሑድ ጠዋት ቆሜ ሳዳምጥ የግሪክ ቃላት ከልጅነቴ ጀምሮ በጆሮዬ እንዳሉ ገባኝ። ወንጌል ከግሪኩ «ኤዎአንጌልዮን» የመጣ ነው፤ መጀመሪያው «ኤው» መልካም ማለት ሲሆን የተቀረው መልእክት ነው፣ በአንድነት የምሥራች። ያው «ኤው» በእንግሊዝኛ «ዩ» እየተባለ «ዩሎጂ» ለሙት የሚቀርብ ውዳሴ፣ «ዩፈሚዝም» ክፉውን ነገር በመልካም ቃል መጥራት፣ «ዩፎሪያ» ከመጠን ያለፈ የደስታ ስሜት ይሆናል። ለዩፈሚዝም ካርድ ምሳሌ ፍለጋ አልሄድኩም፤ «ሞተ» በማለት ፈንታ «ዐረፈ» እንላለን። ኤጲስ ቆጶስ «ኤፒ» ከላይ እና «ስኮፖስ» ተመልካች ነው፤ ማይክሮስኮፕ ውስጥ ያለው ተመልካች እሱ ነው። ኦርቶዶክስ ቀጥተኛ አስተሳሰብ ከሆነ፣ «ፓራዶክስ» ከተለመደው አስተሳሰብ ጋር የሚጣላ፣ «ሄትሮዶክስ» የተለየ አስተሳሰብ ነው። ሲኖዶስ ደግሞ «ሲን» አብሮ እና «ሆዶስ» መንገድ ሲሆን፣ ያው መንገድ «ኤክሶደስ» ውስጥ የመውጣት መንገድ ሆኖ ይገኛል። ሊቃውንቶቻችን ግን ይህን ሳይዋሱ ዘፀአት ብለው ተርጉመውታል፤ የትኛውን ተውሰው የትኛውን እንደተረጎሙ ማየት ራሱን የቻለ ጥናት ነው፣ ለእሱ ግን አሁን ጊዜ የለኝም።

ከ37ቱ አልቅቶች 19ኙ በዚህ መንገድ ወጡ።

10ኛ ሳምንት

ሥር መቆፈሩ ሲያስደስተኝ አበዛሁት። «ሴዱለስ» የሚል ቃል ገጠመኝ፤ «ሴዴሽን» እና «ሴደንታሪ» በማረፍና በመቀመጥ ዙሪያ ስለሚዞሩ «ተቀማጭ፣ ሰነፍ» ነው ብዬ መለስኩ። ፍቺው ተቃራኒው ነው፤ ትጉህ ማለት ነው፣ ከመቀመጥ ጋር ዝምድና የለውም። የመጣው በላቲን «ያለ ተንኮል» ከሚል አነጋገር ነው። በዚያው ሳምንት «ኢነርቬት» ኃይል መስጠት መሰለኝ፤ ማድከም ነው፣ ጅማትን ማውጣት ከሚለው የመጣ። «ሬስቲቭ» ከዕረፍት ጋር የሚገናኝ መሰለኝ፤ የማያርፍ፣ የሚቁነጠነጥ ማለት ነው። «ኖይሰም» ጫጫታ ሳይሆን የሚከረፋ ነው። ለእነዚህ ቀይ ምልክት ያለው የተለየ ካርድ ሠራሁ። ከእንግዲህ ሥርን የምጠቀመው ፍቺውን ከመዝገበ ቃላት ካየሁ በኋላ ቃሉን ለማሰር ብቻ ነው፤ ለመገመት አይሆንም።

12ኛ ሳምንት

በስልክ በተደረገ አንድ ውይይት ላይ «ኤፒቶም» አልኩ፤ ሰሚው አልገባውም። ለካ «ኢፒቶሚ» ነው የሚባለው። «ሃይፐርቦል» ስለው የነበረውም «ሃይፐርቦሊ» ነው። ከግሪክ የመጡ እንዲህ ያሉ ቃላት የመጨረሻው ድምፅ ስለሚነበብ «ካታስትሮፊ» እና «አፖስትሮፊ» ከእነሱ ጋር በአንድ ካርድ ሰፈሩ።

ሥረ ነገሩ ግን ቃላቱን በፊደላችን መጻፌ ነው። ፊደላችን ጥብቀትን እንደማያሳይ ሁሉ፣ የእንግሊዝኛ አጻጻፍም ጫናው የት ክፍለ ቃል ላይ እንደሚወድቅ አያሳይም። እኛ «ገና» የሚለውን ስናነብ በዓሉ ይሁን ጊዜው ከአገባቡ እንለያለን፤ እነሱም «ሪከርድ» ስም ሲሆን ጫናው መጀመሪያ ላይ፣ ግሥ ሲሆን መጨረሻ ላይ እንደሚያርፍ ከአገባቡ ይለያሉ። ካርዶቹን እንደገና ከመጻፍ ይልቅ በየአንዳንዱ ላይ የንባብ ድምፅ አስገባሁ፤ ለ400 ካርድ የሁለት ሳምንት ምሽት ወሰደ፣ ከ5 ጊጋ የኢንተርኔት ጥቅሌም አብዛኛውን በላ።

13ኛ ሳምንት

የማውቃቸው የመሰሉኝ ቃላት ከማላውቃቸው የባሱ ሆኑ። «ፔደስትሪያን» እግረኛ ብቻ ሳይሆን ቅመም የሌለው፣ ተራ ማለትም ነው። «ፍላግ» ባንዲራ ሲሆን በግሥነቱ መዛል ነው። «ኳሊፋይ» ብቁ መሆን ሲሆን ለአንድ አባባል ገደብ ማበጀትም ነው። «ቴምፐር» ቁጣ ሲሆን በግሥነቱ ማለዘብ ነው። «ሳንክሽን» ከሁሉ ይበልጣል፤ በዜና የምንሰማው ማዕቀብ ነው፣ በሌላ ቦታ ግን መፍቀድ፣ ማጽደቅ ነው። «ኦቨርሳይት» ቁጥጥርም ነው፣ ከቁጥጥር ያመለጠ ስህተትም ነው። ለእነዚህ ሁለት ሁለት ካርድ ሠራሁ፤ አንዱ ካርድ ላይ ሁለቱን ትርጉም ስጽፍ ሁልጊዜ የቀለለውን ብቻ እንደምመልስ አይቻለሁ።

15ኛ ሳምንት፣ ጥር

ሁለተኛው የመለማመጃ ፈተና፦ ከ27ቱ 20። ከሳትኳቸው 7 ጥያቄዎች በቃል ምክንያት የጠፉት 3 ናቸው፤ ሁለቱ ከስድስት ምርጫ ሁለት የሚመረጥባቸው ጥያቄዎች ነበሩ። እዚያ ላይ የተጠመደውን ወጥመድ አሁን ለየሁት፤ ከምርጫዎቹ መካከል እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ነገር ግን ከዐረፍተ ነገሩ ጋር የማይሄዱ ጥንዶች ይቀመጣሉ፣ እኔም ዐረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ጥንዱን ሳይ እመርጣለሁ። ከፊል ነጥብ የለም። ከነገ ጀምሮ ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍኜ፣ ባዶ ቦታውን አስቀድሜ በራሴ ቃል፣ ካስፈለገም በአማርኛ፣ ሞልቼ ነው የምገልጣቸው።

ካርዶች 611። እስካሁን የወጣ ገንዘብ ከስልኩ ጥገና ጋር 1,322 ብር፣ ኢንተርኔት ሳይጨምር። አልቅቶች 14፤ ከእነዚህ ሁለቱ እስከ ዛሬ ምሽት ድረስ አብረው የሚመጡ «ኢንጂኒየስ» እና «ኢንጄኑየስ» ናቸው፣ አንዱ ብልኅ ፈጣሪ፣ ሌላው የዋህ ግልጽ። ካርዶቹን ነጣጥዬ በተለያየ ሳምንት እንዲመጡ አድርጌያለሁ፤ የብልኁ የሚመለሰው ማክሰኞ ነው።